የእኛን መረጃ የሚያውቁ ቁራጭ ኮዶች፦ ከፊደል እስከ ጳጉሜን

ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የተሰበሰበ የአባላት ዝርዝር በኤክሴል ከፍቶ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ አንዲት ከተማ በአንድ ዓምድ ውስጥ አራት አምስት ሆና ትገኛለች። አንዱ ጸሐፊ «ደብረ ብርሃን» ብሏል፣ ሌላው «ደብረብርሃን»፣ ሦስተኛው «ደብረ ብርሀን»፣ ሌላው ደግሞ እንደ ቢሮ ልማዱ «ደ/ብርሃን»። መሐል ሜዳም «መሃል ሜዳ» እና «መሀል ሜዳ» ሆና ትመጣለች። አንጾኪያ «አንፆኪያ»፣ ዓለም ከተማ «አለም ከተማ» ይሆናሉ። ለሚያነብ ሰው ሁሉም ያው ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ከተማ ነው፤ «በየከተማው ስንት አባል አለ?» ብላችሁ ስትጠይቁት ደብረ ብርሃንን ከአራት ከፍሎ ይቆጥርላችኋል።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚመዛቸው ቁራጭ ኮዶች አሉት። አንዱን ከጓደኛው ያገኛል፣ ሌላውን ከኢንተርኔት ኮፒ ያደርጋል፣ ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጣል። ችግሩ እነዚህ ቁራጮች በአብዛኛው የተጻፉት ለሌላ አገር መረጃ መሆኑ ነው። ትልቁን ፊደል ወደ ትንሹ የሚለውጥ ኮድ በየቦታው ሞልቷል፤ አማርኛ ግን ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። የወር ቀኖችን 28፣ 30፣ 31 እያለ የሚፈትሽ ኮድ ሞልቷል፤ ጳጉሜን የምትባል ወር ግን ሰምቶ አያውቅም። የእኛ መረጃ የሚሰናከለው ሁልጊዜ በእነዚያው ጥቂት ቦታዎች ነው፦ በፊደሉ፣ በቀኑ፣ በሰዓቱ፣ በስልክ ቁጥሩ። ለእያንዳንዱ አንድ አጭር ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከታች የማብራራው እያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ነው።

ፊደል ቁጥር ነው

በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ፊደላችን የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚያገኙበት ዩኒኮድ በተባለው መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው ዕትም ሲሆን፣ ዋናው ክልል ከ4608 እስከ 4991 ያለው ነው። ሀ 4608 ናት፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ሆ 4614 ላይ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ቢያንስ ስምንት ቦታ ተመድቦለታል፤ ስለዚህ ለ 4616 ላይ ይጀምራል፣ ሐ 4624 ላይ።

ይህ አደራደር ትልቅ ስጦታ ነው። ሐ ከሀ በ16 ትበልጣለች፤ ሑም ከሁ በ16፣ ሒም ከሂ በ16 ትበልጣለች፣ እስከ ሳብዕ ድረስ። ስለዚህ የሐን ቤት ወደ ሀ ቤት ለመመለስ ከፊደሉ ቁጥር ላይ 16 መቀነስ ይበቃል። የኀ ቤት 4736 ላይ ስለሚጀምር ከእርሱ 128 ይቀነሳል። ሠ 4640፣ ሰ 4656 ስለሆኑ ሠን ወደ ሰ ለማምጣት 16 ይደመራል። ከዐ ቤት 48 ሲቀነስ አ ይሆናል፣ ከፀ ቤት 8 ሲቀነስ ጸ ይሆናል። አምስት መስመር ብቻ ነው። ሠላሳ አምስት ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ረጅም ሠንጠረዥ መጻፍ አያስፈልግም።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። መቀነሱ የሚሠራው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሰባት ፊደላት ብቻ ነው። የኀ ቤት ከሰባቱ አልፎ ዲቃሎችም አሉት፤ ከእነዚህ አንዷ ኋ 4747 ላይ ነች። አንድ ሰው ነገሩን ለማሳጠር ብሎ «ከ4736 እስከ 4749 ያለውን ሁሉ 128 ቀንስ» ብሎ ቢጽፍ፣ 4747 ሲቀነስ 128 ያለው 4619 ይሆናል። 4619 ደግሞ ላ ናት። «ኋላ» የሚለው ቃል «ላላ» ሆኖ ይወጣል። ፕሮግራሙ አይጮህም፣ የስህተት መልእክት አያወጣም፤ ጽሑፉ ብቻ ዝም ብሎ ይላላል። ስለዚህ ወሰኑ ሰባት ፊደል ላይ እንዲቆም በኮዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ፣ ፋንክሽኑም «ኋላ» የሚለውን ቃል እንዳለ መመለሱ ይፈተሽ።

ቤቶቹ ከተዋሐዱ በኋላ ገና አንድ ሥራ ይቀራል። በአነጋገራችን ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ አይለያዩም፤ «ብርሃን» እና «ብርሀን» የሚለያዩትም በዚህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ኃ ወደ ሃ ትምጣ፣ ከዚያ ሃ ወደ ሀ። ከተገለበጠ ኃ መሐል መንገድ ላይ ትቀራለች። ጐ እና ጎ፣ ቈ እና ቆ፣ ኰ እና ኮም እንዲሁ እየተቀያየሩ ይጻፋሉ፤ በሦስቱም ጥንዶች መካከል ያለው ልዩነት 2 ነው፤ 2 መቀነስ ነው።

በመጨረሻ ክፍት ቦታዎችን ማውጣት። ይህ ሁሉ ሲያልፍ «ደብረ ብርሃን»፣ «ደብረብርሃን» እና «ደብረ ብርሀን» ሦስቱም «ደብረብርሀን» የሚል አንድ ቁልፍ ይሰጣሉ። «መሐል ሜዳ»ም ከነዘመዶቹ «መሀልሜዳ» ይሆናል።

ይህን ቁልፍ ዋናው ስም ላይ ደርቦ የሚጽፍ ሰው አያጋጥማችሁ። ቁልፉ ለብቻው በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፤ ለመፈለግ፣ ለማነጻጸርና ለመደርደር ብቻ ያገልግል። ኃይሌ ስሙን በብዙኃኑ ኃ የሚጽፍ ከሆነ፣ የምስክር ወረቀቱ ላይም በዚያው ፊደል ሊያገኘው ይገባል። የሰው ስም ለኮዳችን እንዲመቸን ብለን የምናስተካክለው ነገር አይደለም።

ቁልፉ የማይደርስባቸው ልዩነቶችም አሉ። «ማርያም» እና «ማሪያም» የፊደል ቤት ጉዳይ አይደለም፤ «መርሐቤቴ» እና «መራቤቴ» ደግሞ የአነጋገር ልዩነት ነው። እዚህ ላይ ፋንክሽኑን ለማራቀቅ መሞከር ጣጣ ነው፤ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። የሚሻለው ሁለት ዓምድ ያለው ተራ ሠንጠረዥ ነው፦ በአንዱ በኩል ሰዎች የሚጽፉት፣ በሌላው ትክክለኛው የወረዳ ስም። የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ቁጥራቸው የሚያዝ ስለሆነ ሠንጠረዡ ቶሎ ይሞላል።

ስለ እዝባርም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ገ/ጻድቅ»፣ «ወ/ጊዮርጊስ»፣ «ኃ/ማርያም»፣ «ተ/ሃይማኖት» ሲጻፍ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ማለት መሆኑን እኛ እናውቃለን። ፕሮግራም ግን እዝባር ሲያይ የፎልደር መለያ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ተማሪ በስሙ የፒዲኤፍ ፋይል የሚያወጣ ኮድ «ገ/ጻድቅ» ላይ ሲደርስ ወይ ይቆማል፣ ወይም «ገ» የሚባል ፎልደር ፍለጋ ይሄዳል። አሕጽሮቱን የሚፈታ ቁራጭ ስትጽፉ ረጃጅሞቹን አስቀድሙ። «ወ/ሮ» እና «ወ/ሪት» ሳይፈቱ «ወ/» ወደ «ወልደ» ከተለወጠ፣ ወይዘሮዋ «ወልደሮ» ሆነው ይመዘገባሉ። «ት/ቤት»፣ «ጽ/ቤት»፣ «ዓ/ም» ሁሉም ከነጠላዎቹ በፊት ይምጡ። «ሰ/ሸዋ» እና «ደ/ሲና»ም እንዲሁ።

«ሰሜን ሸዋ» ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በአማራ ክልል ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነ ሰሜን ሸዋ ዞን አለ፤ በኦሮሚያ ክልልም ዋና ከተማው ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋ ዞን አለ። የዞን ስምን ብቻውን መለያ ያደረገ ዳታቤዝ የሁለቱን ሰው አንድ ላይ ይደምራል። መለያው ክልልና ዞን አንድ ላይ ይሁን፤ ወይም ለእያንዳንዱ ዞን የራሱ ኮድ ይሰጠው።

ስለ ሥርዓተ ነጥብ አንድ አጭር ነገር ብቻ፦ ብዙ ሰው አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ይጽፋታል። ለዓይን «፡፡» እና «።» አንድ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን የመጀመሪያው 4961 ሁለት ጊዜ፣ የሁለተኛው 4962 ነው። ጽሑፍን በዓረፍተ ነገር የሚከፋፍል ኮድ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አንድ አድርጉ።

ጽሑፉ ሲበላሽ ምን ዓይነት ብልሽት እንደሆነ መለየት

«አማርኛው ተበላሸ» የሚለው ስሞታ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። መረጃው ደህና ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ መጫን ይበቃል።

በራሷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ከመጣችም መረጃው አልጠፋም። ዩቲኤፍ-8 የተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱን ፊደላችንን በሦስት ባይት ያስቀምጠዋል፤ ለምሳሌ ሀ 225፣ 136፣ 128 ናት። የዋናው ክልል ፊደላት በሙሉ በ225 ይጀምራሉ፤ ያቺ ጭረት ያለባት ኤ ደግሞ በድሮው የምዕራብ አውሮፓ አጻጻፍ 225 የተሰጣት ነች። ፕሮግራሙ ሦስቱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ማንበብ ሲገባው ለየብቻ አነበባቸው ማለት ነው። በትክክለኛው አጻጻፍ እንደገና መክፈት ያድነዋል። ኤክሴል ላይ ይህ የሚመጣው የሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ሁለቴ ተጭኖ ሲከፈት ነው፤ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉ ሦስት ባይቶች ካሉ ኤክሴል ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያውቃል። ፓይተን በተባለው የኮድ ቋንቋ ፋይሉን ስትጽፉ ኢንኮዲንጉን (የአጻጻፉን ዓይነት) «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ካላችሁት እነዚህን ባይቶች ራሱ ይጨምራቸዋል። ለቢሮ ሰው የሚላክ የሲኤስቪ ፋይል በሙሉ እንዲህ ቢወጣ ብዙ ስልክ ከመመለስ ያድናል።

የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ከታዩ ግን መረጃው ጠፍቷል። ፊደላችንን የማይቀበል ዳታቤዝ ውስጥ ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ተተካ፤ ከጥያቄ ምልክት ወደ ፊደል የሚመልስ ኮድ የለም። ማይ ኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ከ8.0 በፊት በነበሩት ዕትሞቹ ያለ ምርጫ የሚሰጠው የምዕራብ አውሮፓውን አጻጻፍ፣ ላቲን 1ን፣ ነበር፤ አሮጌ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው ሠንጠረዡን ከመፍጠሩ በፊት «ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ-4» መሆኑን ያረጋግጥ። ሠንጠረዡ ብቻ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ወደ ዳታቤዙ የሚሄደው ግንኙነትም በዚያው አጻጻፍ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው።

አራተኛው የድሮ ሰነድ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ሲቀየር የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ እውነትም ከሥሩ ያለው የላቲን ቁጥር ነው። ፎንቱን መልሶ መጫን ለማንበብ ይረዳል እንጂ ፍለጋም ማነጻጸርም አይሠራለትም። በዚያ ፎንት ልክ የተዘጋጀ የመለወጫ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ከብልሽቶቹ ጋር ተያይዘው አንዴ ተስተካክለው የሚረሱ ሁለት ሴቲንጎች አሉ። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ያለ ምርጫ የሚወስደው የማሽኑን አጻጻፍ ሊሆን ይችላል፤ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ኢንኮዲንጉን መጻፍ ወይም «ፓይተን ዩቲኤፍ-8» የሚባለውን የሲስተም ቫሪያብል 1 ማድረግ ነው። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ደግሞ «ሪፖርት» የሚል የፋይል ስም ሲያይ በ341 በሚጀምሩ ቁጥሮች ይተካዋል። 341 በስምንት መሠረት ሲጻፍ ያቺው 225 ናት። «ኮር ዶት ኮውትፓዝ» የተባለውን ምርጫ «ፎልስ» ስታደርጉት የፋይሉ ስም በአማርኛ ይታያል።

የአጭር መልእክት ርዝመትም ከዚሁ ይመዘዛል። በላቲን ብቻ የተጻፈ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ግን መላው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል፤ ከዚያ ካለፈም በየ67ቱ ይቆራረጣል። ለአንድ ሺህ ገበሬ የስብሰባ ጥሪ የሚልክ ማኅበር 71ኛዋን ፊደል ሲጨምር የሁለት ሺህ መልእክት ሂሳብ ይከፍላል ማለት ነው። ፊደላችን ተናባቢና አናባቢን በአንድ ላይ ስለሚይዝ በ70ውም ብዙ ነገር ይባላል፤ ቢሆንም ከመላኩ በፊት ርዝመቱን ቆጥሮ የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር ኮድ ዋጋው በብር የሚታይ ነው።

ቀን

ከሁሉም በላይ ስህተት የሚፈላበት ቦታ ይህ ነው፤ የብዙው ስህተት ምንጭ ደግሞ «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ነው» የሚለው የቃል ሂሳብ ነው።

መጀመሪያ ምን ማድረግ እንደሌለብን እንይ። ዳታቤዙ የቀን ዓምድ አለው፤ የእኛ ቀን ደግሞ ቀን፣ ወርና ዓመት ነው፤ ታዲያ በቀጥታ ብናስገባውስ? መስከረም ላይ ምንም አይልም። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ግን ጥቅምት 30 ሲመጣ ዳታቤዙ «ፌብሩዋሪ 30 የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ጃቫስክሪፕት የተባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ደግሞ አይመልሰውም፤ ጥቅምት 30 ቀን 2017ን ሳይናገር ማርች 2 አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜን ሲመጣ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ስለሌለ ነገሩ ያበቃል። መስከረም ላይ ተሞክሮ «ሠርቷል» የተባለ ሲስተም ከወር በኋላ የሚወድቀው በዚህ ነው።

መፍትሔው ቀንን እንደ አንድ ተራ ቁጥር ማየት ነው። ፓይተን እያንዳንዱን የፈረንጅ ቀን ከዓመት 1 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል፤ «ኦርዲናል» ይለዋል። የእኛን ቀን ወደዚያው ቁጥር የሚያመጣ መስመር ካለን የቀረውን ፓይተን ራሱ ይጨርሰዋል። መስመሩ ይህ ነው፤ ፓይተን 3 በአማርኛ የተሰየሙ ቫሪያብሎችን ስለሚቀበል እንዳለ ይሠራል፦

ተራ = 2400 + 365 * ዓመት + ዓመት // 4 + 30 * ወር + ቀን

ሁለቱ ጭረት ቀሪውን ጥሎ ማካፈል ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደገባ ማየት ቀላል ነው። 365 በዓመት ያሉት ቀኖች ናቸው። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው እስካሁን ያለፉት ጳጉሜን ስድስቶች ብዛት ነው፤ 2015 ለ4 ሲካፈል 503፣ 2016 ደግሞ 504 ይሰጣል፤ በመካከላቸው ያለችው አንዷ የ2015 ጳጉሜን 6 ነች። ወሮቻችን ሁሉም 30 ስለሆኑ 30 በወር ማባዛት ይበቃል፤ የፈረንጆቹን ወሮች ለመቁጠር የሚያስፈልገው ሠንጠረዥ እዚህ የለም። 2400 ሁለቱ አቆጣጠሮች የሚገናኙበት ማስተካከያ ነው።

እንፈትነው። መስከረም 1 ቀን 2000፦ 365 በ2000 ሲባዛ 730000፣ 2000 ለ4 ሲካፈል 500፣ 30 ለወሩ፣ 1 ለቀኑ፣ 2400 ሲደመር 732931። ፓይተንን «732931ኛው ቀን የትኛው ነው?» ብትሉት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይላችኋል፤ ሚሌኒየሙ የተከበረበት ቀን።

የቃል ሂሳቡ ከዚህ የሚለየው የት ላይ እንደሆነ የሚያሳየው ዓድዋ ነው። በዚህ ዘመን የካቲት 23 ሁልጊዜ ማርች 2 ላይ ይውላል። ስለዚህ «የካቲት 23 ማለት ማርች 2» ብሎ የሚሠራ ኮድ ጦርነቱን ማርች 2 ቀን 1896 ያደርገዋል። መስመራችን ግን ለየካቲት 23 ቀን 1888 የሚሰጠው 692195 ነው፤ ይህም ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ ውጊያው የተካሄደበት ትክክለኛ ቀን። ልዩነቱ የመጣው ፈረንጆች 1900ን ያለ ፌብሩዋሪ 29 ስላሳለፉት ነው፤ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6ን አንዘልም። እነርሱ 2100 ላይም ይዘላሉ፤ ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ በእነርሱ ቁጥር አንድ ቀን ወደፊት ትሄዳለች። የልደት ቀኑ ከ1892 ዓ.ም. በፊት የሆነ ሰው ዛሬ የሚመዘግብ የለም፤ የታሪክ ሰነድ የሚያደራጅ ሰው ግን ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

ወደ ኋላ ለመመለስ፣ ማለትም ከተራ ቁጥሩ የእኛን ቀን ለማግኘት፣ የአራት ዓመት ዙር 1461 ቀን መሆኑን መያዝ ነው፦

ዙር = (ተራ - 2431) // 1461
ቀሪ = (ተራ - 2431) % 1461
ዓመት = 4 * ዙር + ቀሪ // 365 - ቀሪ // 1460
ውስጥ = ቀሪ % 365 + 365 * (ቀሪ // 1460)
ወር = ውስጥ // 30 + 1
ቀን = ውስጥ % 30 + 1

የመቶኛ ምልክቷ ከማካፈል የሚተርፈውን ቀሪ ትሰጣለች። በ1460 ሁለት ጊዜ መካፈሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀሪው 1460 የሚሆነው የዙሩ የመጨረሻ ቀን፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ላይ ብቻ ነው። ያ ማስተካከያ ባይኖር ጳጉሜን 6 የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 ሆና ትታያለች።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ይላል፤ በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን ማየት ያው ነውና። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 5500 ያለ ቀሪ ለ4 ስለሚካፈል በዓመተ ምሕረቱ ብቻ ማስላትም ያው መልስ ይሰጣል። ጳጉሜን 6 የምትገኘው በሉቃስ መጨረሻ ነው፤ በኮድ ሲጻፍ «ዓመት % 4 == 3» ማለት ነው። መረጃ ሲገባ ጳጉሜን 6ን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ፍተሻ ይህቺው አንድ መስመር ናት። ገና በዮሐንስ ዓመት ታኅሣሥ 28፣ በሌላው 29 የሚሆነውም በዚህችው ቀን ምክንያት ነው።

ለማሳየት ብቻ ከሆነ ዘመናዊ አሳሾች የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃሉ፤ በጃቫስክሪፕት የአማርኛውን የቋንቋ መለያ «ኢትዮፒክ» ከሚለው የካላንደር ምርጫ ጋር መስጠት ይበቃል። ይህ የማሳያ ምርጫ ግን ተጠቃሚው በእኛ ቀን የጻፈውን ተቀብሎ ወደ ፈረንጅ አይለውጥም፤ ለዚያ ከላይ ያለው መስመር ያስፈልጋል። ዝግጁ ላይብረሪዎችም (ሌሎች ጽፈው ያስቀመጧቸው የኮድ ስብስቦች) አሉ። እኔ ግን ለሰባት መስመር ሂሳብ ላይብረሪ ማውረድ አይታየኝም፤ በተለይ ኔትወርኩ ሲፈልግ በሚመጣበት ቦታ።

ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው ታዲያ የፈረንጁ ቀን ይሁን፤ መደርደር፣ መቀነስና ዕድሜ ማስላት ይቀላል። የእኛ ቀን ሲገባና ሲታይ ብቻ ይለወጥ። የልደት ሰርተፊኬት የመሰለ ሰነድ ላይ ግን ባለጉዳዩ የሰጠውን ቀን እንደ ጽሑፍ ደርቦ ማስቀመጥ ለክርክር ጊዜ ይጠቅማል።

ሰዓት

ይህ አጭር ነው። ለቀን ሰዓት፦ ሰዓቱን ለ12 አካፍሉ፣ ቀሪው ላይ 6 ደምሩ። ለሌሊት፦ ቀሪው ላይ 18 ደምሩ፣ 24 ከሞላ 24 ቀንሱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት 6፣ ከቀኑ 6 ሰዓት 12፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት 18 ይሆናል። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ 11 ላይ 18 ሲደመር 29፣ 24 ሲቀነስ 5 ሰዓት ነው።

አንዳንድ ሰው ሂሳቡን ለመዝለል ሰርቨሩን ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደ ኋላ ባለ የሰዓት ዞን ላይ ያደርገዋል። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምትቀድም ስድስት ሰዓቱ በዚያ ይሞላል፤ የሚታየው ሰዓት ልክ የእኛ ይመስላል። ግን ሰርቨሩ ቀኑን የሚቀይረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስለሚሆን፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የተመዘገበ ሁሉ የትናንት ሆኖ ይቀመጣል። የሰዓት ዞኑ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ይሁን፣ ስድስቱ ሰዓት የሚቀነሰው ለሰው ሲታይ ብቻ።

የሌሊት ሰዓት የሚቀበል ፎርም ካላችሁ ቀኑን አጥርቶ ይጠይቅ። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ያለ ሰው ወይ ለሰኞ አጥቢያ ወይ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለቱ ነው፤ ይህን ኮድ ሊገምተው አይችልም። የፎርሙ ጽሑፍ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ ቢያስመርጥ ጸሐፊውም ባለጉዳዩም ይግባባሉ።

ስልክና ቁጥር

ስልክ በ09፣ በ07፣ በ+251 ወይም ዜሮዋን ኤክሴል በልቶባት በ9 ትጀምራለች። አኃዝ ያልሆነውን ሁሉ አውጡ፣ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አኃዞች ያዙ፣ በ9 ወይም በ7 መጀመራቸውን ፈትሹ፣ 251 ከፊት ቀጥሉ። ዓምዱ በኤክሴል «ቴክስት» ተብሎ ቢሰየም ዜሮዋም ትተርፋለች።

የግዕዝ ቁጥር በዓመተ ምሕረት ቦታ የሚጽፍ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ፓይተን እንዳያታልላችሁ። «ኢዝዲጂት» የሚባለው መፈተሻ ፩ን አኃዝ ናት ይላል፤ ወደ ቁጥር ልለውጥ ስትሉ ግን «ኢንት» አይቀበላትም። «ኢዝዴሲማል» የሚለውን ተጠቀሙ፤ እርሱ ከመጀመሪያው አይ ይላል።

ማስቀመጫው

እነዚህ ሁሉ በአንድ ፋይል ይገባሉ፤ ፋይሉ በጊት ይያዝ፣ ከየፕሮጀክቱ ጋር ይቀዳ። ከጎኑ አንድ የመፈተኛ ፋይል ይኑር፤ አንድ መስመር በተነካ ቁጥር የሚሮጥ። ለፊደሉ «ኋላ» እንዳለ መመለሱን፣ «ኃይለ ማርያም» እና «ሀይለማርያም» አንድ ቁልፍ መስጠታቸውን፣ «ወ/ሮ» ወይዘሮ መሆኗን ይጠይቅ። ለቀኑ አራት ጥንዶች ይበቃሉ፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ከማርች 1 ቀን 1896 ጋር፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጋር፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ከጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ጋር፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ከጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ጋር። እያንዳንዱ ጥንድ በሁለቱም አቅጣጫ ይሞከር። በተጨማሪ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲሰጠው ፕሮግራሙ እምቢ ማለቱን ይፈትሽ፤ ሂሳቡ ብቻውን ያንን ቀን ሳያማርር ወደ መስከረም 1 ቀን 2017 ያሻግረዋልና።